የቴስታታ ጋስኬት ሄዷል ሲባሉ

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «መኪናዬ 22 ዓመት ሆኗታል። ቤንዚን ናት፣ 1.6 ሊትር፣ አራት ሲሊንደር። ከሁለት ወር ወዲህ የራዲያተር ውሃ ይጎድላል፤ መሬት ላይ ግን ጠብታ የለም። ዳገት ላይ የሙቀት መለኪያው ከፍ ይላል፣ ሜዳ ላይ ይመለሳል። ጠዋት ስትነሳ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ትንቀጠቀጣለች። መካኒኩ የቴስታታ ጋስኬት ሄዷል፣ ይከፈት አለኝ። ጓደኛዬ ደግሞ ራዲያተር ውስጥ የሚጨመር ማሸጊያ አለ፣ እሱን ሞክር ይላል። ውሃ እየጨመርኩ ብነዳት ምን ይመጣል? ለዚህች አሮጌ መኪናስ ቴስታታ ማስከፈት ያዋጣል?»

ከሁሉም በፊት አስቸኳዩን ልመልስ። ውሃ እየጨመሩ መንዳቱን ያቁሙ። ካነበብኩት ሁሉ ያሳሰበኝ የጠዋቱ መንቀጥቀጥ ነው።

ሞተሩ ሲጠፋ የማቀዝቀዣው ውሃ ገና ግፊት አለው። ጋስኬቱ በቴስታታው (በሞተሩ ራስ) ስር ያለ ስስ ንጣፍ ነው፤ እሱ ላይ ቀዳዳ ካለ ውሃው በዚያ በኩል ቀስ እያለ ወደ አንዱ ሲሊንደር ይገባል። ጠዋት ሞተሩን ሲያስነሱ የዚያ ሲሊንደር ካንዴላ (ነዳጁን የሚያቀጣጥለው) ረጥቧል፣ አይተኩስም። መኪናዋ በሦስት ሲሊንደር ትሠራለች፣ ትንቀጠቀጣለች፤ ውሃው ተንኖ በማርሚታው ሲወጣ ይስተካከላል። መካኒኮች «ሚስ ታደርጋለች» የሚሉት ነው። አሁን የሚገባው ውሃ ትንሽ ስለሆነ ነገሩ በመንቀጥቀጥ ያልፋል። አንድ ቀን ግን በዛ ያለ ውሃ ሊያድር ይችላል። አየር ይታመቃል፣ ውሃ አይታመቅም። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲመጣ ውሃው ይገታዋል፣ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ደግሞ ይገፋዋል፣ ፒስተኑን ከክራንክ ዘንጉ የሚያገናኘው ቢዬላ ይጣመማል። ከዚያ በኋላ የምናወራው ስለ ጋስኬት ሳይሆን ስለ ሙሉ ሞተር ነው።

ስለዚህ አንድ ጠዋት ሞተሪኖው «ጧ» ብሎ ቀጥ ካለ ቁልፉን ደጋግመው አይምቱ። አራቱም ካንዴላ ይፈታ። ከዚያ ሞተሩ ይዙር። ውሃ ካለ በካንዴላው ቀዳዳ ተረጭቶ ሲወጣ ያዩታል፤ ፊትዎን ግን ከዚያ ያርቁ።

ሌላው አደጋ ውሃው ከሞተር ዘይት ጋር መቀላቀሉ ነው። ኩላንት፣ ማለትም የማቀዝቀዣው ፈሳሽ፣ የገባበት ዘይት ዘንጎቹ የሚዞሩባቸውን ቤሪንጎች ማቀባት ያቅተዋል። የክራንክ ዘንጉ ቤሪንጎች ከተበሉ ቴስታታውን ማሠራት ትርጉም የለውም። ዘይቱን ዛሬውኑ ይመልከቱት። መለኪያ ዘንጉ ላይ ነጣ ያለ ክሬም የመሰለ ነገር ካለ ሞተሩን አያስነሱ፤ መኪናዋ ተጎትታ ትሂድ። ሌላም መንገድ አለ። መኪናዋ አድራ፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ስር ያለውን የዘይት ማፍሰሻ ብሎን ቀስ ብለው ያላሉት። ውሃ ከዘይት ይከብዳል። በዘይቱ ውስጥ ውሃ ካለ መጀመሪያ የሚንጠባጠበው እሱ ነው። ነገር ግን በዘይት መሙያው ክዳን ውስጥ ብቻ ነጭ ነገር ስላዩ አይደንግጡ። አጭር አጭር መንገድ የምትሄድ መኪና ሞተሯ በደንብ ሳይግል ስለሚጠፋ እዚያ እርጥበት ይይዛል። ብዙ ደህና ሞተር በዚህ ምክንያት ብቻ ተከፍቷል፤ ያሳዝነኛል።

አሁን ዳገቱና ጠዋቱ ለምን እንደሚገናኙ ላስረዳ። ቴስታታ የሞተሩ ራስ ነው፤ ቫልቮቹና ካንዴላዎቹ እዚያ ናቸው። ከስሩ ብሎኩ አለ፤ ሲሊንደሮቹና ፒስተኖቹ እዚያ ናቸው። በመሃላቸው የተጋደመችው ስስ ነገር ጋስኬቷ ናት፤ ጋርኒሲዮንም ይሏታል። በእሷ ውስጥ የሚነደው ጋዝ፣ ውሃውና ዘይቱ በየቀዳዳቸው ጎን ለጎን ያልፋሉ፣ እንዳይገናኙ የምትጠብቀውም እሷ ናት። የቤንዚን ሞተር ሙሉ ጉልበት ሲጠየቅ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከ50 ባር ያልፋል። የማቀዝቀዣው ውሃ ግፊት ደግሞ 1 ባር ገደማ ነው። በመካከላቸው የፀጉር ያህል መንገድ ከተከፈተ ዳገት ላይ ጋዙ ወደ ውሃው ይጋፋል። ጋዝ የገባበት ውሃ በሥርዓት አይዞርም፣ በክዳኑ በኩልም ወደ መጠባበቂያው ጠርሙስ እየተገፋ ይፈሳል። ሙቀቱ የሚጨምረው ለዚህ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ደግሞ የሲሊንደሩ ግፊት ዜሮ ይሆናል፣ የውሃው ግን ይቆያል። አቅጣጫው ይገለበጣል። የእርስዎ ሁለት ምልክቶች የአንድ ቀዳዳ መሄጃና መመለሻ ሳይሆኑ አይቀሩም።

በአሮጌ መኪና ላይ ይህ የሚበዛው ያለ ምክንያት አይደለም። በብዙ ሞተሮች ቴስታታው አሉሚኒየም፣ ብሎኩ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ነው። አሉሚኒየም ሲግል ከብረት እጥፍ ያህል ይረዝማል። 40 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው ቴስታታ ሙቀቱ በ80 ዲግሪ ሲጨምር 0.7 ሚሊሜትር ገደማ ይለጠጣል፤ ብሎኩ ግማሹን ያህል። ጋስኬቷ በሁለቱ መካከል ትፈተጋለች። በየቀኑ፣ ሞተሩ በተነሳና በጠፋ ቁጥር፣ ለ22 ዓመት። አንድ ጊዜ ከመጠን በላይ ሲግል ደግሞ ቴስታታው ራሱ ይጎብጣል። ኩላንቱ ለዓመታት ሳይቀየር የቆየ፣ ወይም ያለ ኩላንት ውሃ ብቻ ሲጨመርበት የኖረ ከሆነ አሉሚኒየሙ በውሃ ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ይበላል፣ ጋስኬቷ የምታርፍበት ቦታ ይሸረሸራል።

ይህን ሁሉ ብልም ጋስኬቱ መሄዱን ገና አላውቅም። መካኒክዎም ካልለካ አያውቅም። ውሃ እየጎደለ መሬት ላይ ሳይታይ የሚቀርበት ሌላ መንገድ አለ። የራዲያተሩ ክዳን ላስቲኩ ደርቆ ግፊት መያዝ ሊያቅተው ይችላል። የውሃ ፓምፑ በግለት ብቻ ያፈስና ጠብታው ትኩስ ብረት ላይ ወድቆ ይተናል። የመኪናዋ ማሞቂያ ራዲያተር ቀዳዳ ካለው ውሃው ወደ ውስጥ ይፈስሳል፤ የፊት ተሳፋሪው እግር ስር ያለው ምንጣፍ ይረጥባል፣ መስታወቱ ቅባት ባለው ጭጋግ ይሸፈናል። እነዚህን ሳያዩ ቴስታታ ማስከፈት ጥርሱን ለታመመ ሰው ጤነኛውን ጥርስ እንደመንቀል ነው።

ምርመራው ብዙ ጊዜ አይወስድም። እኔ የምጀምረው በግፊት ፓምፕ ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ በራዲያተሩ አፍ ላይ ትንሽ የእጅ ፓምፕ ይገጠማል፣ ክዳኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ድረስ ይነፋል፤ ብዙ ጊዜ 0.9 ወይም 1.1 ባር ነው። ከዚያ መርፌውን መጠበቅ ነው። ሩብ ሰዓት ሳትንቀሳቀስ ከቆየች ጥሩ ነው። ከወረደች ውሃው የሆነ ቦታ እየሄደ ነው። ውጭ የሚታይ ነገር ከሌለ ካንዴላዎቹን ፈትቼ ሞተሩን አዞራለሁ። ከአንዱ ቀዳዳ ጉም የመሰለ ርጭት ከወጣ ጥርጣሬው አበቃ።

ካንዴላዎቹን በእጅዎ ይዘው ይመልከቷቸው። ይደርድሯቸው፣ ከየትኛው ሲሊንደር እንደወጡ ሳይምታታ። ጤነኞቹ ጫፋቸው ላይ ቀላ ያለ ቡናማ ወይም ግራጫ ጥላሸት አላቸው። ውሃ የሚገባበት ሲሊንደር ካንዴላ ግን ነጭ ነው፣ የታጠበ ይመስላል። በእርግጥም ታጥቧል፤ እንፋሎት በየጠዋቱ ያጸዳዋል። በብዙ ሞተር ላይ ገና መሣሪያ ሳላወጣ የነገረኝ ይህ አንድ ንጹህ ካንዴላ ነው።

ቀጥሎ የጋዝ ምርመራ አለ። ሰማያዊ ፈሳሽ የያዘ ብርጭቆ ቱቦ በራዲያተሩ አፍ ላይ ይደረጋል፣ ሞተሩ እየሠራ ከውሃው በላይ ያለው አየር በፈሳሹ ውስጥ ይሳባል። ከቃጠሎ የመጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ካለ ሰማያዊው ወደ ቢጫ ይለወጣል። ከመጀመሩ በፊት ውሃው ትንሽ ይቀነስ፤ ኩላንት ወደ ቱቦው ከተሳበ ውጤቱ ይበላሻል። ቀዳዳው ግለት ላይ ብቻ የሚከፈት ከሆነ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ቢለካ ምንም ላያሳይ ይችላል። በደንብ ይሙቅ፣ ጉልበትም ይጠየቅ።

ሦስተኛው ኮምፕሬሽን ነው፤ ፒስተኑ አየሩን ምን ያህል እንደሚያምቀው ይለካል። የአራቱንም ሲሊንደር ቁጥር በወረቀት ያስጽፉ። «ደህና ነው» የሚል መልስ አይቀበሉ፣ ቁጥር ይጠይቁ። ጤነኛ የቤንዚን ሞተር በአብዛኛው ከ10 እስከ 13 ባር ይሰጣል፤ ከቁጥሩ ይልቅ የእርስ በርስ ልዩነቱ ይናገራል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ዝቅ ካሉ ጋስኬቱ በመሃላቸው ተቃጥሏል ማለት ነው። አንዱ ብቻ ዝቅ ካለ ቫልቭም ሊሆን ይችላል፣ ፒስተን ቀለበትም። ያኔ በሲሊንደሩ ውስጥ አየር ተነፍቶ በየት እንደሚወጣ ይሰማል። በራዲያተሩ ቡልቅ ቡልቅ ካለ ጋስኬት ወይም ስንጥቅ ነው፣ በዘይት መሙያው ካፏጨ ቀለበት፣ በማርሚታው ካፏጨ ቫልቭ።

እነዚህ ቁጥሮች ለሌላኛው ጥያቄዎም መልስ ናቸው። ያዋጣል ወይ? መልሱ በመኪናዋ ዕድሜ ሳይሆን ከጋስኬቱ በታች ባለው ነገር ይወሰናል። ቀለበቶቹ ደህና ከሆኑ፣ የዘይት ግፊቱ በግለት ላይ ሳይወርድ ከቆየ፣ ሞተሩ ከስር የማይንኳኳ ከሆነ፣ ዘይቱም ንጹህ ከሆነ 22 ዓመት ብዙ አይደለም። ቴስታታው ተሠርቶ ዓመታት ያገለግልዎታል። ዘይት የምትበላ፣ ሰማያዊ ጭስ የምታወጣ፣ ከስር የምታንኳኳ ከሆነች ግን ጋስኬት ቀይሮ ኮምፕሬሽኗን ማሻሻል የደከመውን የታችኛውን ክፍል ይበልጥ ያስጨንቃል። ያኔ ሌላ ሞተር መቀየር፣ ወይም ችግሯን ሳይደብቁ መሸጥ ይሻላል። የሙቀት መለኪያው ቀይ መስመር ላይ ገብቶ ስንት ጊዜ ተነዳች የሚለውም ትልቅ ነገር ነው። በጣም የጋለ አሉሚኒየም ጥንካሬውን ያጣል። የለሰለሰ ቴስታታ ቢላጥም ብሎኖቹ ሲጠብቁ ይሰምጥና ይላላል።

ጓደኛዎ ስላሉት ማሸጊያ ልናገር። ብዙዎቹ በውስጣቸው ያለው ሶዲየም ሲሊኬት ነው፣ ፈሳሽ መስታወት የሚባለው። በቀዳዳው በኩል ወጥቶ ከሲሊንደሩ ግለት ጋር ሲገናኝ ይጠጥራል። በጣም ትንሽ ቀዳዳ ላይ ለጊዜው ይሠራል፣ አልክድም። ችግሩ የት እንደሚጠጥር መምረጥ አለመቻሉ ነው። በ22 ዓመት መኪና ላይ የራዲያተሩና የማሞቂያው ስስ ቱቦዎች ግማሹ ዝቃጭ ይዟል፣ ማሸጊያው እዚያም ይቀመጣል። ይህ ቁስ ሞተር ላይ ምን ማድረግ እንደሚችል ለማወቅ አንድ ነገር ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካ አሮጌ መኪኖችን ከመንገድ ለማስወጣት ባካሄደችው ፕሮግራም ሞተሮቹ ዳግም እንዳይሠሩ የሚደረገው በዘይት ፋንታ ይኸው ፈሳሽ ተሞልቶ እስኪነክሱ (ተጣብቀው እስኪቆሙ) እንዲሠሩ በማድረግ ነበር። በጋስኬቱ ቀዳዳ በኩል ወደ ዘይት ቢሻገር ብለው ያስቡት። እኔ የምፈቅደው ለአንድ ዓይነት መኪና ብቻ ነው፤ ለመጠገን ላልታሰበች፣ ጥቂት ሳምንት ብቻ እንድትሠራ ለሚፈለግ። የእርስዎ እንደዚያ አትመስልም።

እንግዲህ ይከፈት ከተባለ፣ ለመካኒክዎ የሚነግሩት ነገር አለ። ይህን የምጽፈው ከራሴ ስህተት ነው። በሥራ መጀመሪያዬ ላይ አንድ ሞተር ከፈትኩ። ጋስኬቷ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሲሊንደር መካከል ተቃጥላ ነበር። የብረት ቀለበቱ ተበልቷል፣ በላዩ ላይ እንደ ቀጭን የከሰል መስመር ጥቁር መንገድ ይታያል። ጥፋቱን አገኘሁት ብዬ ደስ አለኝ። ቦታውን አጽድቼ አዲስ ጋስኬት አስገብቼ ዘጋሁት። ቴስታታውን አልለካሁም፤ በዓይኔ ሳየው ቀጥ ያለ ነበር። ከአንድ ወር በኋላ መኪናዋ በዚያው በሽታ ተመልሳ መጣች። ያን ጊዜ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ብረት አስቀምጬ ስስ የመለኪያ ቅጠሎቹን ከስሩ ሳስገባ 0.15 ሚሊሜትር መሃሉ ላይ ሰተት ብሎ አለፈ። ባለቤቱ ሁለት ጊዜ ያለ መኪና ቆየ። ፊቱን እስካሁን አልረሳሁትም። ከዚያ ወዲህ ሳልለካ የዘጋሁት ሞተር የለም።

ስለዚህ ቴስታታው በርዝመቱ፣ በወርዱና ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሁለቱም አቅጣጫ ይለካ። ብዙ አምራቾች ለእንዲህ ያለ ሞተር የሚፈቅዱት 0.05 ሚሊሜትር፣ አንዳንዶቹ እስከ 0.1 ነው። የእርስዎን ሞተር ቁጥር ከጥገና መመሪያው ያውጡት። ብሎኩም ይለካ፤ ሰው የሚረሳው እሱን ነው። ከዚያ ቴስታታው በግፊት ተፈትሾ ስንጥቅ አለመኖሩ ይረጋገጥ፤ በቫልቮቹ መካከል የሚሰነጠቅ ብዙ ነው። በስንጥቅ ላይ አዲስ ጋስኬት መግጠም የትም አያደርስም።

ከጎበጠ በማሽን ይላጣል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ፣ ካምሻፍቱ፣ በቴስታታው ላይ የሚቀመጥ ከሆነ ቴስታታው ሲጎብጥ የካምሻፍቱ መቀመጫም አብሮ ይጎብጣል። ስሩን ብቻ መላጥ የላዩን አያስተካክልም። ካምሻፍቱ ተቀምጦ በእጅ ሲዞር በነፃነት ካልዞረ ቴስታታው መቃናት አለበት፣ አለበለዚያ ሌላ ይፈለጋል። በዚያ ላይ የተላጠው ሁሉ ከቁመቱ ይቀነሳል። ከተፈቀደው ዝቅተኛ ቁመት ከወረደ ፒስተንና ቫልቭ ይቀራረባሉ።

የጋስኬቱም ዓይነት ከገጹ ጋር ይስማማ። ከተደራረበ ብረት የተሠራው እንደ መስታወት ለስላሳ ገጽ ይፈልጋል። ለስላሳው፣ ግራፋይት ያለበት፣ ትንሽ ሻካራነት ይችላል። ለአሮጌ ሞተር ይህ ግራፋይት ያለበት ዓይነት ከተገኘ እሱን እመርጣለሁ። አሮጌውን ጋስኬት ከብሎኩ ላይ ሲፋቅ በሚሽከረከር የአሸዋ ወረቀት አይነካ። ገጹን ይቦረቡራል፣ አቧራውም ወደ ዘይት ገብቶ ቤሪንጎችን ይበላል። ትዕግስት የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ በፕላስቲክ መፋቂያ፣ ቀስ ብሎ።

ብሎኖቹ። በብዙ ዘመናዊ ሞተር ላይ ሲጠብቁ እንዲለጠጡ ተደርገው የተሠሩ ናቸው፤ አንዴ ከተፈቱ ዳግም አይገጠሙም። መመሪያው አዲስ ካለ አዲስ ይሁን። የብሎኖቹ ቀዳዳ በብሎኩ ውስጥ ደረቅ መሆን አለበት። ስሩ ውሃ ወይም ዘይት ከቀረ ብሎኑ ሲጠብቅ ፈሳሹ መውጫ አጥቶ ብሎኩን ይሰነጥቃል። ማጥበቁ ከመሃል ወደ ዳር፣ በደረጃ፣ በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ)። መፍታቱ በተቃራኒው፣ ከዳር ወደ መሃል፣ ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ። ገና ትኩስ ሳለ የተፈታ ቴስታታ በመፍታቱ ብቻ ሊጎብጥ ይችላል።

ሞተሩ ተከፍቶ ሳለ ቴርሞስታቱ (ሞተሩ ሲሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተር የሚለቀው)፣ የራዲያተሩ ክዳንና የደረቁ የውሃ ቱቦዎች ይቀየሩ። የውሃ ፓምፑ ካምሻፍቱን በሚያዞረው የታይሚንግ ቺንጋ የሚዞር ከሆነ ሁለቱም አብረው ይቀየሩ፤ ቺንጋው ለማንኛውም ወርዷል። ከሁሉ በላይ ግን መካኒክዎን አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ መጀመሪያ ለምን ጋለ? ራዲያተሩ ተደፍኖ ነው? ፋኑ በሰዓቱ አይነሳም? ቴርሞስታቱ ሳይከፈት ቀርቶ ነው? መልስ ካልተገኘ አዲሷ ጋስኬት የአሮጌዋን መንገድ ትከተላለች።

ሲዘጋ ዘይትና ማጣሪያው ይቀየራል። ዘይቱ ውስጥ ውሃ ገብቶ ከነበረ ሞተሩ ለአጭር ጊዜ ሠርቶ እንደገና ይቀየራል። ኩላንቱ ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል በእኩል ተቀላቅሎ ይሞላ። ሲሞላ የመኪናዋ ፊት ከፍ ቢል፣ ማሞቂያው እስከ መጨረሻ ቢከፈት ጥሩ ነው፤ ውስጥ የታሰረው አየር ይወጣል። በመጀመሪያው ቀን አረፋ ቢያዩ አይደናገጡ፣ አየሩ ነው። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላም ከቀጠለ ግን ይመለሱ።

እስከዚያው መንገድ ላይ ሙቀቱ ከፍ ካለ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ከፍተው ዳር ይያዙና ሞተሩን ያጥፉ። ክዳኑን በፍጹም አይንኩ። በ1 ባር ግፊት ስር ያለ ውሃ እስከ 120 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል፤ ክዳኑ ሲከፈት በአንድ ጊዜ ይፈላና ፊት ላይ ይወጣል። የላይኛው የራዲያተር ቱቦ በእጅ ሲጨመቅ ለስላሳ እስኪሆን ይጠብቁ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አይጨምሩ፤ ቴስታታው ይሰነጠቃል።

አሁን የሚያደርጉት ይህ ነው። መኪናዋን ያቁሟት፣ ዘይቱን ይዩ፣ የግፊትና የጋዝ ምርመራውን ያሠሩ፣ የአራቱን ሲሊንደር ኮምፕሬሽን ያስጽፉ። ቁጥሮቹንና የካንዴላዎቹን ፎቶ በተራ ቁጥራቸው አድርገው ይላኩልኝ። ይከፈት ወይስ አይከፈት የሚለውን በእነሱ ላይ ተመሥርተን እንነጋገራለን።